ስለ ተቀጽላ ዕፅና ስለ ቤት ጥገኛ

በቋንቋችን ሰውን ለመንቀፍ ከሚነገሩት ቃላት ብዙዎቹ ከአውሬና ከዕፅ የተወሰዱ ናቸው። ሆዳሙን ጅብ፣ ተንኰለኛውን ቀበሮ እንለዋለን፤ በሌላው ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖረውንም ተቀጽላ እንለዋለን። ነገር ግን ጅብን ያላየ ቢኖር እንኳ ድምፁን ያልሰማ የለም፤ ተቀጽላን ግን ቀርቦ አስተውሎ የተመለከተው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ስም ለሰው ከመስጠታችን በፊት፣ የስሙ ባለቤት ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚሠራ መመርመር የሚገባ መስሎ ታየን። ለመጻፍም ያነሣሣን በዘመዳችን ቤት የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድመን እርሱን በአጭሩ እንናገራለን።

በ2015 ዓ.ም. የሐምሌንና የነሐሴን ወር ያሳለፍነው በአሜሪካ አገር፣ ሜይን በሚባለው ግዛት፣ በባሕር ዳር ባለች አንዲት ከተማ በሚኖረው በወንድማችን ልጅ ቤት ነበር። ሜይን በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የሚገኝ፣ ብርዱ ብርቱ፣ ምድሩም አብዛኛው በደን የተሸፈነ አገር ነው። የወንድማችን ልጅ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው፤ እርሱ ቀን በመጋዘን ይሠራል፤ ሚስቱ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ታገለግላለች። ከእነርሱም ጋራ የሚስቲቱ ታናሽ ወንድም፣ ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት ይኖራል። ከአገር ቤት ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ትምህርቱን ይከታተላል፤ ቋሚ ሥራ ግን ገና አላገኘም።

እኛ በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ቀን ማዕድ ቀርቦ ሳለ፣ የቤት ወጪ ነገር ተነሣ። የመብራቱ፣ የቤቱ ዕዳ፣ የልጆቹ ልብስ እየተቈጠረ ሲሄድ የወንድማችን ልጅ ወደ ማንም ሳይመለከት፣ «በዚህ ላይ ደግሞ ተቀጽላ አለብን» አለ። ስም አልጠራም፤ ነገር ግን በማዕዱ ዙሪያ ከነበርነው ሁሉ ለማን እንደ ተነገረ ያልገባው አልነበረም። ሚስቱ ዐይኗን ወደ መሶቡ ጣለች። ወጣቱም የቈረሰውን ጐርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ «ተመስገን» ብሎ በጨዋነት ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከእነርሱ ጋራ ለመብላት አልተቀመጠም። እኅቱ ስትጠራው «በልቻለሁ» ይላታል፤ ሌሊት ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ብቻውን ደረቅ ዳቦ ሲበላ ግን እኛው ራሳችን አይተነዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደ ተባለው፣ አንዲት ቃል የቤቱን ሰላም ይዛ ሄደች።

የዛፉ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በቤቱ ጓሮ ስፕሩስ የሚባል ዛፍ ቆሞ ነበር። ስፕሩስ በብርድ አገር የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ አጭርና ሹል የሆነ፣ በበጋም በክረምትም ልምላሜው የማይለየው፣ ቁመናው እንደ ጎጆ ክዳን ከላይ ቀጥኖ ከታች የሚሰፋ ዛፍ ነው። ከእንጨቱ ወረቀት ይሠራል፤ የቫዮሊንና የፒያኖ የድምፅ ሰሌዳም ከእርሱ ይወጣል። በጓሮው ያለው ትልቁ ስፕሩስ ጫፉ ደርቋል፤ ቅርንጫፎቹም በሦስት በአራት ስፍራ እንደ ታሰረ መጥረጊያ ተጠቅጥቀውና ተጠላልፈው ነበር። የቤቱ ልጆች የንስር ጎጆ ነው እያሉ ይጫወቱበታል። ከግርጌው ደግሞ ከሰው ቁመት የማይበልጡ አራት ትናንሽ ስፕሩሶች በቅለዋል።

አንድ ቀን በደን ሥራ ያረጀ ጎረቤት ዛፉን ሊመለከት መጣ። የወንድማችን ልጅና ሚስቱ በቤት ስላልነበሩ፣ ያ ወጣት ያስተረጕምልን ነበር። ሽማግሌው ከመጥረጊያው አንዱን ቀንበጥ ሰብሮ በማጉያ መስተዋት አሳየንና ስሙን ነገረን። ቃሉ ለእኛም ለወጣቱም እንግዳ ሆነብን፤ ወጣቱ በእጅ ስልኩ መዝገበ ቃላት ሲፈልግ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ በእኛ ቋንቋ ተቀጽላ ማለት ነው» አለን። ከዚህ በላይ አንድም ነገር አልጨመረም። እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህን ዕፅ ነገር ስንጠይቅና ስናነብ ሰነበትን።

ይህ ተቀጽላ ከተቀጽላዎች ሁሉ እጅግ ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ስለ ሆነ ድንክ ተቀጽላ ይባላል። የዕፀዋት ሊቃውንት አርሴውቶቢየም ፑሲሉም ብለው ሰይመውታል። ፑሲሉም ማለት በላቲን እጅግ ትንሽ ማለት ነው፤ ቁመቱም ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቅጠሉ ቅጠል የማይባል ቅርፍት ብቻ ነው፤ መልኩም ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ስለ ሆነ፣ በስፕሩሱ መርፌዎች መካከል ተሸሽጎ ይኖራል። ከካናዳ የሳስካችዋን ምሥራቅ እስከ ኒውፋውንድላንድ፣ በአሜሪካም ከሚኒሶታ እስከ ሜይን ባለው አገር ጥቁር ስፕሩስን፣ ነጭ ስፕሩስንና ቀይ ስፕሩስን ይይዛል። ይልቁንም በረግረግ ስፍራ የሚበቅለው ጥቁር ስፕሩስ ዋና ምግቡ ነው።

ከትንሽነቱ የተነሣ ሊቃውንት ሳያውቁት ብዙ ዘመን ኖሯል። በመጨረሻም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1871 በኒው ዮርክ ግዛት በአዲሮንዳክ ተራሮች አካባቢ ካገኙት ሰዎች ግንባር ቀደሟ ሉሲ ሚሊንግተን የምትባል ሴት ናት። ይህች ሴት የዕፀዋትን ትምህርት በራሷ ጥረት የተማረች ነበረች። ሌላው መንገደኛ ዛፎቹ እየደረቁ መሆናቸውን ብቻ አይቶ ሲያልፍ፣ እርሷ ቅርንጫፉን ወደ ዐይኗ አቅርባ ምክንያቱን አየች። የግዛቱ የዕፀዋት ሊቅ የነበረው ቻርልስ ፔክም መልኩንና ጠባዩን ጽፎ ለሊቃውንት አስታወቀ። ሉሲ ሚሊንግተን ከዚያ በኋላ ወደ ሚሺጋን ግዛት ሄዳ ሳውዝ ሄቨን በምትባል ከተማ ስትኖር፣ ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ የሚባለውን የገበሬ ልጅ ዕፀዋትን መለየት አስተማረችው፤ ያም ልጅ አድጎ በአሜሪካ ከታወቁት የአትክልት ሊቃውንት አንዱ ሆነ። ትንሹን ነገር አቅርቦ መመልከት ለቤት ልጅ ከሚሰጡት ርስቶች አንዱ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ዕፁ ኑሮ እንመለስ። ድንክ ተቀጽላ ወንዴና ሴቴ አለው፤ በፀደይ ያብባል፤ የሴቴዪቱም ፍሬ በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይበስላል። ፍሬዋ ከስንዴ ቅንጣት ታንሳለች፤ በውስጧም አንዲት ዘር ብቻ አለች። ስትበስል ውሃው በፍሬዪቱ ውስጥ እየበዛ ቆዳዋን ይወጥረዋል፤ ከእግሯ በተለየች ጊዜም እንደ ጥይት ፈንድታ ዘሯን ትወረውራለች። የድንክ ተቀጽላዎች ዘር ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 25 ሜትር ያህል እንደሚሆን ሊቃውንት ለክተዋል። አብዛኛው በጥቂት ሜትር ውስጥ ይወድቃል፤ አንዳንዱ ግን እስከ 15 ሜትር ርቆ ይሄዳል።

ዘሯ በሚያጣብቅ ልጋግ የተሸፈነች ስለ ሆነች የነካችውን መርፌ ቅጠል ይዛ ትቀራለች። ዝናብ ሲዘንብ ልጋጉ ይለሰልስና ዘሪቱ በቅጠሉ ላይ እየተንሸራተተች ወርዳ ከቀንበጡ ቅርፊት ላይ ታርፋለች። ክረምቱን በረዶ ለብሳ ታሳልፋለች፤ በፀደይ ትበቅላለች፤ ነገር ግን ወደ ምድር ሥር አትሰድም። ቅርፊቱን በስታ ወደ ዛፉ ሥጋ ትገባለች። ከገባችም በኋላ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያህል ከውጭ የሚታይ ምልክት አይኖራትም። ዛፉ ጤነኛ ይመስላል፤ ባለቤቱም ጤነኛ ነው ይላል፤ እርሷ ግን በውስጥ ሆና የዛፉን ውሃና ምግብ ስትጠጣ ትኖራለች። ከዚህ በኋላ ትንንሾቹ ቀንበጦች ቅርፊቱን ቀደው ብቅ ይላሉ፤ ቀጥሎም አብበው ያፈራሉ። ሴቴዪቱ ዘሯን ከወረወረች በኋላ ቀንበጧ ይረግፋል፤ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ሥጋዋ ግን አይሞትም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የመጥረጊያው ነገር ነው። ያ የተጠላለፈ የቅርንጫፍ ክምር የተቀጽላው ሥጋ አይደለም፤ ስፕሩሱ ራሱ የሚሠራው ነው። ተቀጽላው በውስጥ ሆኖ የዛፉን የዕድገት ሥርዓት ስለሚያናውጠው፣ ዛፉ በታመመው ስፍራ ያለ መጠን ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ምግቡንም ወደዚያ ይልካል። መጥረጊያው እየለመለመ ሲሄድ የቀረው የዛፉ አካል ይራባል፤ አስቀድሞ ጫፉ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ዛፉ በሙሉ ይሞታል። ዛፉ በሞተ ጊዜ ግን ተቀጽላውም አብሮ ይሞታል፤ ከሕያው ዛፍ ውጭ የሚኖርበት ስፍራ የለውምና። ፈረንጆች በጥንት ጊዜ የዚህን ምክንያት ስላላወቁ የጠንቋይ መጥረጊያ ብለውት ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ ቀርቷል።

የዚህ ዕፅ ጥፋት በአንድ ጓሮ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሚኒሶታ ረግረጎች ጥቁር ስፕሩስን ከሚያጠፉት በሽታዎች ዋነኛው እርሱ ነው። በሜይንም ከየብሱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር ውስጥ ያለች ሞንሂጋን የምትባል ደሴት አለች፤ ቀድሞ ምድሯ ተመንጥሮ በጎች ይሰማሩባት ነበር። የበጎቹ ነገር በቀረ ጊዜ ነጭ ስፕሩስ ባዶውን ሜዳ ሁሉ ወረሰው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተጠጋግቶ ስለ በቀለ፣ ተቀጽላው ዘሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመወርወር ምንም የሚከለክለው አላገኘም፤ ብዙ ዛፍም ገደለ። የዚያች ደሴት ዱር የሚጠበቀው በ1954 የፈልሳፊው የቶማስ ኤዲሰን ልጅ ቴዎዶር ኤዲሰን ከሌሎች ጋራ በመሠረተው ማኅበር ነው።

እኛም ከዚያ ወጣት ጋራ በጀልባ ተሳፍረን ደሴቲቱን ለማየት ሄድን። ቆመው የደረቁ ስፕሩሶች በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ዐፅም ነጥተው ሲታዩ ልብ ያሳዝናሉ። በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ወጣቱ ሳንጠይቀው እንዲህ አለን፦ «አባባ፣ ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው ወይስ ሐሰት? እውነት ከሆነ ልሂድ፤ ሐሰት ከሆነ ግን ለምን ተናገሩት?» በዚያች ሰዓት ልንመልስለት አልቻልንም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እንነግርሃለን ብለን ብቻ ተመለስን።

ከዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር መናገር ይገባል። የዚህ ድንክ ተቀጽላ ዘመድ በእኛም አገር አለ። አርሴውቶቢየም የሚለው ስም ከግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ በጥድ ላይ የሚኖር እንደ ማለት ነው። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በኬንያ ደጋ በሐበሻ ጥድ ላይ የሚበቅለውን ድንክ ተቀጽላ ኤሚልዮ ኪዮቬንዳ የሚባል የኢጣልያ የዕፀዋት ሊቅ በ1911 ጽፎታል፤ ስሙንም ከጥዳችን ስም ጋራ አያይዞ ሰጠው። ይህም የስፕሩሱ ተቀጽላ ወንድም ነው።

በግራርና በሌላው ዛፍ ላይ ዘወትር የምናየው ሰፊ ቅጠል ያለው ተቀጽላ ግን ከሌላ ወገን ነው። እርሱ ከዛፉ ውሃ ይጠጣል እንጂ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ስለ ሆነ ከፀሐይ ብርሃን የራሱን ምግብ ለራሱ ያበጃል። አበባው ለትንንሽ ወፎች ማር ይሰጣል፤ ፍሬውን ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩንም ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሱለት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ተቀጽላ በመባል አንድ የሆኑት ዕፆች እንኳ በግብራቸው እኩል አይደሉም። የስፕሩሱም መጥረጊያ ቢሆን ለሽኮኮዎችና ለወፎች መጠጊያ እንደሚሆን ሊቃውንት ጽፈዋል። ዕፅን እንኳ ያለ ምርመራ በአንድ ቃል መፍረድ የማይገባ ከሆነ፣ ሰውንማ እንዴት ይገባል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ማታ ሚስቱ ወደ ሥራዋ ሄዳ፣ ልጆቹም ተኝተው ሳለ፣ የወንድማችንን ልጅ ወደ ጓሮው ወስደን ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። ያየነውንና ያነበብነውን ሁሉ ከነገርነው በኋላ እንዲህ አልነው፦ ይህ ዕፅ መሬት የሚነካ ሥር ኖሮት አያውቅም፤ ወደ ፊትም አይኖረውም፤ ያ ልጅ ግን የሚማረው የራሱን ሥር ለመትከል ነው። ይህ ዕፅ በስውር ገብቶ ዓመታት ይሸሸጋል፤ ያ ልጅ ግን በራስህ ደብዳቤ ተጠርቶ በደጅህ በቀን ገባ። ይህ ዕፅ ለዛፉ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ሚስትህ ሌሊት ስትሠራ ሦስቱን ልጆችህን የሚያስተኛቸው፣ ጧት ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዳቸው፣ በክረምትም በረዶውን ከደጅህ የሚጠርገው ግን ማን ነው? ለዚህ ሥራ ሞግዚት ብትቀጥር በወር ስንት ትከፍል እንደ ነበር ቈጥረኸዋልን?

የወንድማችን ልጅ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አጎቴ፣ አልቈጠርሁትም» አለ። ቀጥሎም፣ «ነገር ግን የእኔንም ይስሙኝ። በየወሩ ለእናቴና ለእኅቶቼ እልካለሁ። የቤቱ ዕዳ የሚያልቀው እኔ ስሸመግል ነው። ወገቤን ያመኛል፤ ለሐኪም ልታይ ብል ከሥራ መቅረቱ ያስፈራኛል። ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኋትም። ወንድ ልጅ በቤቱ ደከመኝ ለማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ደከመኝ ማለቱን ትቼ በልጁ ላይ ያን ቃል ተናገርሁ» አለን።

ይህን በሰማን ጊዜ የነገሩ ሥር ተገለጠልን። ልቡ ክፉ አልነበረም፤ የሸክሙ ብዛት ነበር የተናገረው። ዛፉን ወደ ላይ አሳየነውና፣ ስፕሩሱ መጥረጊያውን የሚመግበው ዝም ብሎ ነው፤ ዝም ብሎ ስለሚመግብም የሚደርቀው ከጫፉ ነው፤ የቤት አባትም ሸክሙን ለማንም ሳይናገር ብቻውን የተሸከመ እንደ ሆነ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል አልነው። ዛፍ የሚናገርበት አፍ የለውም፤ ለሰው ግን አፍ የተሰጠው ደከመኝ፣ አግዙኝ ለማለት ጭምር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን ቃል በባዕድ አገር ለሚኖር ቤተሰብ ከሁሉ ይልቅ ይስማማዋል።

በማግሥቱ ማታ ሦስቱም በእኛ ፊት ተቀመጡ። የወንድማችን ልጅ ወጣቱን፣ «ያ ቃል ላንተ የሚገባ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» አለው። ወጣቱም ጕልበቱን ሊስም ተነሣና፣ «ጋሼ፣ ከቃሉ ይልቅ ያሳዘነኝ መቸገርዎን ሳይነግሩኝ መክረምዎ ነው። ተነግሮኝ ቢሆን ቅዳሜና እሑድ የሚገኘውን ሥራ አልንቅም ነበር» ብሎ መለሰ። ሚስቲቱ ባልዋ ወገቡን እንደሚያመው ያን ቀን ገና ሰማች፤ አልቅሳም ተቈጣችው። ከዚያም የቤቱ ወጪ በወረቀት ላይ ተጽፎ ለሦስት ተካፈለ፤ ወጣቱ በሳምንቱ መጨረሻ ሊሠራና ከሚያገኘው የምግቡን ያህል ሊያዋጣ፣ የልጆቹ ጥበቃ ደግሞ እንደ ድርሻው ሊቈጠርለት ተስማሙ። ባልም ወደ ሐኪም እንዲሄድ ቀን ተቈረጠለት። ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ቀና ልንል አንችልም፤ ወጣቱ ወደ ማዕዱ ቢመለስም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚጐርሰው እየፈራ ነበር። የቈሰለ ልብ እንደ ቅርፊት በዝግታ ይሽራል።

የዛፉስ ነገር እንዴት ሆነ ብትሉ፣ የደኑ ሽማግሌ የሰጠው ምክር እንዲህ ነበር። ሕመሙ በአንድ በሁለት ቅርንጫፍ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ቅርንጫፉን ከግንዱ ቈርጦ መጣል ይበቃል፤ ተቀጽላው ከሕያው ዛፍ ከተለየ ይሞታልና ሌላ መድኀኒት አያሻውም። ብዙ ስፍራ የያዘው፣ ጫፉም የደረቀ እንደ ሆነ ግን ትልቁን ዛፍ ማትረፍ ከባድ ነው፤ ከላይ ሆኖ በየዓመቱ በትናንሾቹ ላይ ዘር ያዘንብባቸዋል። መቈረጥም ያለበት ፍሬው ሳይበስል፣ ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ነው። ልጆቹ የንስር ጎጆአቸው እንዳይቈረጥ ለመኑ፤ አባታቸውም ለጥላው ሳሳ። በመጨረሻ ግን ለትናንሾቹ ሲባል ትልቁ በነሐሴ መባቻ ተቈረጠ። ከአራቱ ትናንሾች አንዱ ምልክት ስለ ታየበት እርሱም ተነቀለ፤ ሦስቱ ቀሩ። እነዚህም ቢሆኑ ከውስጥ የተያዙ እንዳይሆኑ በየፀደዩ ቅርንጫፋቸው እየታየ ብዙ ዓመት ሊጠበቁ ይገባል። ይህን ጥበቃ ወጣቱና የቤቱ ታላቅ ልጅ ተረከቡት።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ በቤታችሁ የዘመድ ልጅ፣ የሙት ልጅ ወይም ከገጠር የመጣ ተማሪ ተጠግቶ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ማኖር በአገራችን የጨዋ ቤት ልማድ ሆኖ የቈየ ነው፤ ልማዱም መልካም ነው። ነገር ግን ልማዱን የሚያጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የተጠጊው ሥራ ሳይቈጠር መቅረቱ፣ ሁለተኛውም የአሳዳሪው ድካም ሳይነገር መቅረቱ ነው። ሁለቱም በስውር ሲያድጉ ቈይተው አንድ ቀን በማዕድ ላይ በክፉ ቃል ይወጣሉ። ስለዚህ የቤት እመቤትና የቤት አባት በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ቢሆን ከተጠጊው ጋራ ተቀምጠው፣ ማን ምን እንደሚሸከም፣ ማን ምን እንደሚያግዝ በግልጽ ቢነጋገሩ መልካም ነው። ተጠጊውም ሳይጠየቅ የሚችለውን ድርሻ ቢያነሣ ክብሩ ይጠበቅለታል።

በደጋ ርስት ጥድ ያላችሁም፣ በዛፋችሁ ቅርንጫፍ መካከል ያለ ልክ የተጠቀጠቀ መጥረጊያ መሳይ ክምር ያያችሁ እንደ ሆነ ቀርባችሁ ቅርፊቱን መርምሩ። ከቅርፊቱ የወጡ ትንንሽ ቅጠል አልባ ቀንበጦች ካገኛችሁ፣ ቅርንጫፉን ፍሬው ሳይበስል አስቈርጡት። ተቀጽላ የሚለውን ስም ለእርሱ ስጡት፤ ስሙ የእርሱ ነውና።